ሦስት ማለት ስንት ነው?

«እንደ አገሩ ይኖሩ» የሚለው ምሳሌ ለመንገደኛ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ሰው ገንዘቡን ይመነዝራል፤ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ቀኑ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የሰላምታውንም ወግ ይማራል። ይሁን እንጂ የልጁን የትምህርት ውጤት እንደ ገንዘቡ መመንዘር እንደሚያስፈልገው የሚያስታውስ ወላጅ ጥቂት ነው። እኛም አላሰብነውም ነበር። ባለማሰባችንም በገዛ ቤታችን ልጃችንን በድለናል። ሌላው ወላጅ፥ ይልቁንም የሰው ወረቀት እየመረመረ የሚፈርም የመንግሥት ሠራተኛ፥ ከዚህ ስሕተት ይጠበቅ ዘንድ የሆነውን ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

የምንኖረው በሞያሌ ነው። ሞያሌ በስም አንድ፥ በመንግሥት ሁለት የሆነች ከተማ ናት፤ ሰሜኑ ወገን የኢትዮጵያ፥ ደቡቡ ወገን የኬንያ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ ተመርቆ ተከፍቷል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ከኢትዮጵያ የሚወጣ መንገደኛ የሁለቱንም አገር ሥርዓት በኬንያው ወገን፥ ከኬንያ የሚወጣውም በኢትዮጵያው ወገን ይፈጽማል። ስለዚህ እኛን የመሰለ የኢትዮጵያ ሠራተኛ በኬንያ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ እኛም ቤት የተከራየነው በዚያው ወገን ነው። በገበያው ብርና ሽልንግ ጎን ለጎን ይቈጠራሉ። የስዋሂሊ ተናጋሪ የሆነ ጎረቤታችን «ሳ ሞጃ» ሲለን የኛው አንድ ሰዓት ነው፤ እርሱም እንደኛ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራልና። ያው ጎረቤት በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን ያንኑ ሰዓት «ሰባት» ይለዋል። ፀሐይዋ አንዲት ስትሆን ቍጥሩ ሁለት መሆኑን በየማለዳው እየሰማን፥ በልጃችን ወረቀት ላይ ግን ይህን ለማስተዋል ተሳነን።

ልጃችን በኬንያው ወገን አራተኛ ክፍል ገባች። የኬንያ የትምህርት ዓመት በጥር ተጀምሮ በሦስት ክፍለ ጊዜ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ካርዷን ይዛ እየሮጠች መጣች። በካርዱ ላይ ስምንት የትምህርት ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፤ በእያንዳንዱ አንጻር አንድ ቍጥርና ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል። በስዋሂሊ 4፤ በእንግሊዝኛ፥ በሒሳብ፥ በሳይንስና በሃይማኖት ትምህርት 3፤ በኅብረተሰብ ትምህርት፥ በእርሻና በሥነ ጥበብ 2 አግኝታለች። ከፍተኛው ቍጥር 4 መሆኑ ከታች ተጽፏል። ድምር የለም፤ አማካይ የለም፤ ከክፍሉ ስንተኛ እንደ ወጣችም የሚያመለክት አንድ ቃል የለም።

እኛም ወዲያው እርሳስ አንሥተን ማባዛትና ማካፈል ጀመርን። 3 ከ4 ማለት 75 ከመቶ፥ 2 ከ4 ማለት 50 ከመቶ ሆነልን።

«በሒሳብ 75 አገኘሽ ማለት ነው። 25ቱን የት ጣልሽው?» አልናት።

«አባዬ፥ መምህርቷ እኮ ደርሰሻል ብላኛለች» አለች።

«የደረሰ ሰው 100 ያመጣል። ለመሆኑ ከክፍሉ ስንተኛ ወጣሽ?»

«ስንተኛ አይባልም።»

ይህን መልስ እንደ ማምለጫ ቈጠርንባት፤ ድምፃችንንም ከፍ አደረግን። ባለቤታችን ከጓዳ ብቅ ብላ «እስኪ ልጅቷን አስጨርሳት፤ የምትለውን ብትሰማ ምን አለበት?» አለች። እኛ ግን አልሰማንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃችን ደብተሯን ማሳየት ተወች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በበሩ ኋላ እያኖረች በዝምታ ትገባ ጀመር።

ካርዱን በዚያ ዓይነት ያነበብነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያደግነው ትግርኛ በሚነገርበት አገር፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ማርክ የሚሰጠው ከ10 ወይም ከ100 ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ወላጆች በተሰበሰቡበት ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ድረስ ደረጃችን በስማችን ይነበብ ነበር። አንደኛ የወጣው ልጅ እናት እልል ትላለች፤ የመጨረሻው ልጅ እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። በዚህ ልማድ ላደገ ሰው ደረጃ የሌለው ካርድ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

ነገር ግን ከዚያው ትምህርት ቤት ያገኘነው፥ በዚህ ጊዜ ሊረዳን ይገባ የነበረ ሌላ ትምህርትም ነበር። አማርኛን እንደ ሌላ ቋንቋ በምንማርበት ጊዜ፥ በሦስተኛ ክፍል ሳለን፥ ዐረፍተ ነገር ሥሩ ተባልን። እኛም «የመምህሩ ልጅ መጣች» ለማለት ፈልገን «የመምህሩ ጓል መጣች» ብለን ጻፍን። በትግርኛ ጓል ማለት ሴት ልጅ ናት፤ አባት የሚወዳትን ልጁን «ጓለይ» ብሎ ይጠራታል። በአማርኛ ግን ጓል ማለት ማረሻ የሚፈነቅለው ደረቅ የአፈር ድንጋ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም 0 አገኘን። ፊደሉ ያው፥ ድምፁ ያው ሆኖ ትርጕሙ ግን ከአገር ወደ አገር እንደሚለወጥ በዚያ ቀን በኀፍረት ተማርን። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን የመሰለ ኀፍረት ሳይገጥማችሁ አይቀርም። በፊደል የተማርነውን በቍጥር ላይ ማየት ግን ተሳነን፤ ቍጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው ብለን እናምን ነበርና።

ዐይናችንን የከፈቱልን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ብዙ ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ ስለ ሆኑ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ምዋሊሙ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ሲኖሩ አማርኛም ለምደዋል። አንድ ቀን ማታ ሻይ ሊጠጡ መጥተው ሳለ፥ ልጃችን እንግዳ ስታይ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ጓዳ መግባቷን አስተዋሉ። ምክንያቱንም ጠየቁን፤ ነገርናቸው፤ ካርዱንም አሳየናቸው። ምዋሊሙ መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ፥

«ልጄ፥ በዚህ ካርድ ነው የገሠጽኻት?» አሉን።

ከዚያም የአራቱን ቍጥሮች ትርጕም አንድ በአንድ አስረዱን። 4 ማለት ተማሪው ከሚጠበቅበት በላይ ሠርቷል ማለት ነው፤ 3 ማለት የሚጠበቅበትን አሟልቷል፤ 2 ማለት ወደሚጠበቅበት በመቅረብ ላይ ነው፤ 1 ማለት ከሚጠበቅበት በታች ነው ማለት ነው። ከቍጥሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ፊደላትም ይህንኑ በእንግሊዝኛ የሚያሳጥሩ ናቸው። እንግዲህ 3 የአንድ ነገር ሦስት አራተኛ አይደለም፤ የተጠየቀው ነገር ሙሉው ነው።

«ወንዝ የተሻገረን ሰው፥ ሩቡን ወንዝ የት ጣልኸው ትለዋለህን?» አሉን ምዋሊሙ።

ልጃችን «ደርሰሻል ብላኛለች» ያለችው እውነቷን ነበር። ካርዱን በትክክል ያነበበችው እርሷ ስትሆን፥ ያላነበብነው እኛ ነበርን።

ምዋሊሙ በዚህ አላበቁም፤ የራሳቸውን አሮጌ የምስክር ወረቀት ታሪክ አጫወቱን። በእርሳቸው ዘመን የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ከእንግሊዝ አገር፥ ከካምብሪጅ የተወረሰ ሥርዓት ነበረው። በዚያ ሥርዓት 1 እጅግ የላቀ፥ 9 የወደቀ ነው፤ የተማሪው የተሻሉት ስድስት ትምህርቶች ቍጥር ይደመርና ድምሩ ያነሰው ተማሪ ይበልጣል፤ ከሁሉ የላቀው ተማሪ ድምሩ 6 ይሆናል ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. ኬንያ ስምንት፥ አራት፥ አራት ዓመት የሚባለውን ሥርዓት ጀመረች። በ1989 ዓ.ም. በዚሁ ሥርዓት የመጀመሪያው የአራተኛ ፎርም ፈተና ሲሰጥ፥ ውጤቱ ከኤ እስከ ኢ በ12 እርከን የተከፈለ ሆነ፤ ኤ 12 ነጥብ፥ ኢ 1 ነጥብ ነው። የዩኒቨርሲቲም በር በሲ ፕላስ፥ ማለትም በ7 ነጥብ ተወሰነ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በኋለኛው ዘመን ከ500 ይታረም ነበር፤ ይህ ፈተና በ2023 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጠ። በእርሱ ፈንታ የተተካው አዲሱ ሥርዓት የልጃችን ካርድ የተጻፈበት ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናውም በ2025 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጥቶ፥ አራቱ እርከኖች እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው ስምንት ሆነዋል። ስለዚህ በአንድ የሞያሌ ቤት ውስጥ አያት፥ አባትና ልጅ ሦስት ወረቀት ይዘው ቢቀመጡ፥ ለአያት 1፥ ለአባት 12፥ ለልጅ 4 የበላይ ቍጥር ነው። ድንበር ሳይሻገሩ በዘመን ብቻ እንኳ ይህን ያህል ይለያያሉ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስለ ሳበን የሌላውን ዓለም ልማድ ማንበብ ጀመርን። በጀርመን ትምህርት ቤቶች 1 ከሁሉ የበለጠ፥ 6 ከሁሉ ያነሰ ነው፤ በሩሲያ ግን 5 ከሁሉ ይበልጣል። በሶቪየት ኅብረት ዘመን ወደዚያ ሄደው የተማሩ ያገራችን ሰዎች 5 ሲያገኙ የሚደሰቱት ደስታ በጀርመን አገር ኀዘን ይሆን ነበር። በፈረንሳይ ማርክ የሚሰጠው ከ20 ነው፤ 10 ያገኘ ያልፋል፤ በሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና 16 ያገኘ «እጅግ መልካም» ይባላል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው 70 ከመቶ ያገኘ ተማሪ ከአንደኛ ማዕርግ ይመደባል፤ 40 ያገኘም ያልፋል። ያችው ለኬንያ 1ን የበላይ አድርጋ ያወረሰች እንግሊዝ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በገዛ ትምህርት ቤቶቿ 9ን የበላይ፥ 1ን የበታች አድርጋለች። በኢጣሊያ ትምህርት ቤቶች ማርክ ከ10 ሆኖ 6 ያገኘ አልፏል፤ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ30 ሆኖ 18 ያገኘ ያልፋል። ይህን ስናነብ በኢጣሊያ የተማሩ አንድ የልጅነት መምህራችን ትዝ አሉን። 6 ሰጥተውን «ደግ ነው፥ ይበቃል» ሲሉን እኛ እናለቅስ ነበር፤ እርሳቸውም ለምን እንደምናለቅስ አይገባቸውም ነበር። እነሆ ከብዙ ዓመት በኋላ ገባን።

ጀርመኖች ከሌላ አገር የመጣን ውጤት ወደ ራሳቸው ለመለወጥ የሚጠቀሙበት፥ በባቫርያ ስም የሚጠራ አንድ የስሌት መንገድ አለ። ይህ መንገድ የበላዩን ማርክ ብቻ አይጠይቅም፤ ማለፊያው ማርክ ስንት እንደ ሆነም ይጠይቃል። ማለፊያው 50 በሆነበት አገር 75 ያመጣ ሰው በመካከል ቆሟል፤ ማለፊያው 40 በሆነበት አገር ግን ያው 75 ከፍ ይላል። ቍና ከገበያ ወደ ገበያ እንደሚለያይ ያውቁ የነበሩ አባቶቻችን እህል ከመግዛታቸው በፊት «በማን ቍና?» ይሉ ነበር። የጀርመኖቹም ስሌት ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም።

በገዛ አገራችንም ቢሆን መስፈሪያው አንድ ሆኖ አልኖረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ማርክ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ፊደል ቈጥሮ፥ አቡጊዳ ለይቶ፥ ወንጌል አንብቦ ዳዊት ሲደግም «ዳዊት ደገመ» ይባላል እንጂ «ዳዊትን 80 ከመቶ አወቀ» አይባልም፤ ካልደገመም እስኪደግም ይቈያል። ስናስበው የልጃችን «ደርሰሻል» ከዚህ የአባቶቻችን ልማድ የሚቀርብ ነው። እኛ ራሳችን በዘመናዊው ትምህርት የ10ኛ ክፍልን ፈተና ውጤት በፊደል፥ አማካዩን ከ4፥ የ12ኛ ክፍሉን ደግሞ ከ700 ተቀብለናል፤ የ10ኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና ዛሬ ቀርቷል።

ቍጥርን ከቍጥር ጋር ያለ ትርጕም ማወዳደር ምን ያህል እንደሚያስት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በጥር 2023 ዓ.ም. የሁለቱም አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ውጤት በተቀራራቢ ቀን ተገለጠ። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ቍጥጥር የተሰጠበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በኬንያ ሲ ፕላስና ከዚያ በላይ ያገኙት ከአምስቱ አንድ ያህል ነበሩ። ይህን ያየ ሰው የኬንያ ልጆች የኢትዮጵያን ልጆች ስድስት እጥፍ ይበልጣሉ ሊል ይችላል። ነገር ግን የኛ 50 አስቀድሞ የተተከለ ምሰሶ ነው፤ የኬንያ ፊደል ግን ፈተናው ከታረመ በኋላ የፈተና ጉባኤው በየትምህርቱ በሚያሰምረው ወሰን የሚሰጥ ነው። ሁለቱን ማወዳደር የክንድን ልክ ከቍና ልክ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ይህን ስንል የ3.3ን መራራነት ለማለዘብ አይደለም፤ መራራ ነው፤ ብዙ ቤት አስለቅሷል፤ መመርመርም ይገባዋል። ይሁን እንጂ የሚመረመረው በራሱ መስፈሪያ ነው።

ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። ልጃችን የአማርኛን ፊደል ሳትለይ እንዳታድግ ብለን፥ በመስከረም በኢትዮጵያው ሞያሌ አማርኛ በሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ልናስገባት ሄድን። የኬንያውን ዓመት ገና ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ስለ ጨረሰች የምትገባው ያው አራተኛ ክፍል ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ካርዷን ተቀብለው መዝገባቸውን ከፈቱ። በመዝገቡ ላይ «አንደኛ መንፈቅ፥ ሁለተኛ መንፈቅ፥ አማካይ፥ ደረጃ» የሚሉ ዐምዶች አሉ፤ በካርዱ ላይ ግን ከአራቱ አንዱም የለም። ጥቂት አሰቡና እርሳስ አንሥተው ደመሩ፤ 22 ሆነ። ለ32 አካፈሉት፤ 68.75 ከመቶ ሆነ።

«ደንባችን ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ተማሪ 70 ነው። አዝናለሁ ጌታዬ፥ አንድ ነጥብ ከሩብ ጐደላት» አሉን።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ሥራቸውን ነበር የሠሩት። ስሌታቸውም ሳይጓደል ትክክል ነበር። እርሳሱ፥ ማካፈሉ፥ «የት ጣልሽው» ማለቱ ሁሉ እኛ በሳሎናችን በልጃችን ላይ የሠራነው ነበርና በሰውየው ላይ ለመቈጣት አፍ አጣን። ልጃችን አጠገባችን ቆማ ወደ ላይ አየችን። በዚያ ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት ለመግለጥ ቃል ያጥረናል።

በመጨረሻም አንድ ወረቀት ለምነን የአራቱን ቍጥሮች ትርጕም በአማርኛ ጽፈን ለርእሰ መምህሩ አቀረብን፤ ከዚያም «በቍጥሯ አትመኑ፤ እርሷን ፈትኗት» ብለን ለመንን። ርእሰ መምህሩም ፈቀዱ። በሒሳብና በእንግሊዝኛ ተፈትና አለፈች፤ በአማርኛ ግን ወደቀች፤ ፊደሉን ገና አላወቀችምና የሚገባት ይኸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ የአማርኛ ንባብ እንድትማር ተደርጎ ተቀበሏት።

ከዚህ ሁሉ የተረዳነው ነገር አጭር ነው። የሌላ አገር ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት የሚቀበል ወላጅም ሆነ ሹም እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ከፍተኛው ስንት ነው? ማለፊያው ስንት ነው? ተማሪው የተመዘነው ከምን ጋር ነው፤ ከጥያቄው ብዛት ጋር ነው፥ ከጓደኞቹ ጋር ነው፥ ወይስ አስቀድሞ ከተወሰነ ግብ ጋር ነው? እነዚህ ሦስቱ ካልታወቁ ቍጥሩ ገና አልተነበበም። ለወላጅ ግን አራተኛ ጥያቄ እንጨምርለታለን፤ ልጁን ራሱን ይጠይቅ። ከካርዱ በፊት መስማት የሚገባው የልጁን ቃል ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጃችን ከድንበሩ ወዲያ እየሮጠች መጣች። ቦርሳዋን በበሩ ኋላ ሳታኖር በቀጥታ ወደ እኛ መጥታ የአማርኛ የቃል ጽሕፈት ደብተሯን ከፈተች። በቀይ ቀለም 4 ተጽፎበታል።

«አባዬ፥ አራት አገኘሁ!» አለች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ከስንት?» ማለት በአፋችን ላይ መጥቶ ነበር። መልሱ ግን በደብተሩ ላይ ነበር፤ ከ10 ነው። በኬንያው ትምህርት ቤት ከ4 በላይ ቍጥር እንዳልነበረ አስታወስን። ጥቂት ዝም ብለን ቈየንና አጠገባችን አስቀምጠን፥

«ጓለይ፥ በዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ ቍጥር 10 ነው» አልናት።

ደብተሯን አየች፤ እኛንም አየች።

«እንግዲያው አልደረስኩም ማለት ነው?»

«እየቀረብሽ ነው» አልናት።

ከዚያም መብራቱን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተን ስድስቱን ስሕተቶች አንድ በአንድ አብረን አነበብን።